የዳኛው ትእዛዝና ጂቡቲ ላይ የቆሙት ስምንት ሰዎች

እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2025 ከአሜሪካ የተነሣ አውሮፕላን ስምንት ተባራሪዎችን ጭኖ ወደ ደቡብ ሱዳን እያቀና ነበር። ከመካከላቸው የደቡብ ሱዳን ተወላጅ አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት የኩባ፣ የሜክሲኮ፣ የላኦስ፣ የቬትናምና የምያንማር ሰዎች ናቸው። በቦስተን የሚያስችሉት የፌዴራል ዳኛ ብራያን መርፊ ነገሩ እንደ ደረሳቸው አስቸኳይ ችሎት ጠርተው ሰዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት እጅ እንዳይወጡ አዘዙ። ጉዞው ጂቡቲ በሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ተገታ፤ ተባራሪዎቹም ከዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር በተሠራ ክፍል ከስድስት ሳምንት በላይ ተቀመጡ። ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን ዘወትር የምታይ አገር፣ በዚህ ጊዜ ሌላ ዓይነት መንገደኛ አየች።

ዳኛ መርፊ በመንበሩ ላይ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ከተመረቁ በኋላ፣ በማሳቹሴትስ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች ተከላካይ ጠበቃ ሆነው አገለገሉ፤ ቀጥሎም በግል ጥብቅና በወንጀል ጉዳዮች ሠሩ። ፕሬዚዳንት ባይደን አጭተዋቸው ሴኔቱ በዲሴምበር 2024 በ47 ድምፅ ለ45 አጸደቀላቸው። ብዙ የፌዴራል ዳኞች ከዐቃቤ ሕግነት ወይም ከትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶች የሚመጡ በመሆናቸው፣ የእርሳቸው መንገድ ለየት ያለ ነው።

የቀድሞ ሥራቸው በኤፕሪል 18 በሰጡት እግድ ላይ የሚነበብ ይመስላል። እግዱ ማባረርን አልከለከለም። ሰውየው ወደማያውቀው ሦስተኛ አገር ከመላኩ በፊት በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ እንዲነገረው፣ በዚያ ስቃይ ይደርስብኛል ብሎ የሚፈራ ከሆነም እንዲደመጥ ብቻ ያዛል። «በሚገባው ቋንቋ» የሚለው ሐረግ ቀላል አይደለም። የማያነበውን ወረቀት የፈረመ ስደተኛ ይህን ያውቃል። ስምንቱ ሰዎች የተሰጣቸው ጊዜ ከ24 ሰዓት ያነሰ ነበር፤ ዳኛውም እግዱ ተጥሷል ሲሉ በየኑ። መንግሥት በበኩሉ ሰዎቹ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው እንደሆኑና አገሮቻቸውም እንደማይቀበሏቸው ተከራከረ።

የፌዴራል ዳኛ ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ደመወዙም አይቀነስም። ይሁን እንጂ ትእዛዙን የሚያስፈጽሙት ማርሻሎች እንኳ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ሥር ናቸው፤ ከበላዩም ይግባኝ ሰሚዎች አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 23 ቀን ምክንያቱን ሳይገልጽ የእግዱን አፈጻጸም አገደ፤ ሦስት ዳኞች ተቃወሙ። ዳኛ መርፊ ጂቡቲ ያሉትን የሚመለከተው ሌላው ትእዛዛቸው እንደ ጸና ነው አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጁላይ 3 ቀን ይህንም አልተቀበለውም። በመጀመሪያው ውሳኔ የተቃወሙት ዳኛ ኤለና ኬገን እንኳ በዚህኛው ከብዙኃኑ ጋር ቆሙ።

በማግስቱ የተባራሪዎቹ ጠበቆች እንደገና ወደ ቦስተን ቢያመለክቱም፣ ዳኛ መርፊ የበላዩ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሚያስራቸው ገልጸው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉ። ጁላይ 5 ቀን ስምንቱም ጁባ ነበሩ።