የእርሻ መኪና ከመግዛት በፊት መሬቱን መለካት

የእርሻ ሥራ በመኪና ኃይል ይካሄድ ዘንድ መመኘት የሚነቀፍ ሐሳብ አይደለም። ይልቁንም በኬንያ ምድር ባለችው በሞያሌና በዙሪያዋ በሚገኙት ቀበሌዎች፣ ዝናቡ ሲመጣ ፈጥኖ የሚመጣ፣ ሲሄድም ፈጥኖ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ሥራ ለመጨረስ የሚችል መሣሪያ ለገበሬው እጅግ ያስፈልገዋል። ስለዚህም ከብቱን ሸጦ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ልጁ ገንዘብ ልኮለት ትራክተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው በየጊዜው ያጋጥመናል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ዘወትር «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ በመጨረሻ መጠየቅ የሚገባው ነው። በፊት መጠየቅ ያለበት መሬቱ ምን ያህል ነው፣ መኪናውስ በዓመት ውስጥ ስንት ቀን ሥራ ያገኛል የሚለው ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ 4 ሄክታር መሬት የሚያርስ አንድ ወዳጅ አለኝ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከመንጋው የበዛውን ክፍል ሸጦ፣ 75 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ ትራክተር ከባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ጋር ገዛ። የሸጠለት ነጋዴ «ዋጋው ለጉልበቱ ሲካፈል ትልቁ ከትንሹ ይረክሳል» ብሎ አስረድቶት ነበር፤ ሒሳቡም በወረቀት ላይ ሲታይ ስሕተት አልነበረበትም። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ የሚጠበቀው ዝናብ ቀረ። ከዚያም ወዲያ እስከ 2022 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ማለፋቸውን፣ በዚህም አገር ያለቀውን የከብት ብዛት አንባቢው ያስታውሰዋል። የወዳጄ ትራክተር በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከግራር ጥላ ሥር ቆሞ ሰነበተ። ሊሸጥ ያልፈለጋቸው የቀሩት ላሞቹ ግን ውሃ በማጣት አለቁ። ወንዙም ሆነ ኤላው ሩቅ ነበርና ውሃ የሚያመጣለት የሌላ ሰው መኪና ነበረ። የእሱ መኪና የሚጎትተው ተጎታችም ሆነ የውሃ ማጠራቀሚያ አልነበረውምና።

ዝናብ የሚያዘንብ መኪና የለም። ይህን ያልኩትም ወዳጄን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን የገዛው መሣሪያ ማረስ ብቻ የሚችል ስለ ነበረ፣ እርሻ በሌለበት ጊዜ ምንም ሊረዳው አልቻለም።

እስቲ ሒሳቡን እንመልከተው። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ በአንድ ጊዜ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያርሳል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ለመታጠፊያና ለማረፊያ የሚባክነው ጊዜ ቢቀነስለት፣ በአንድ ሰዓት የሚያርሰው ከሩብ ሄክታር ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ 4 ሄክታር መሬት በሁለት ቀን ያልቃል ማለት ነው። በሞያሌ ሁለት የዝናብ ወራት አሉ፤ እነርሱም ቦረናዎች «ገነ» የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውና «ሀገያ» የሚሉት ከጥቅምት ጀምሮ የሚመጣው ናቸው። ለሁለቱም ወራት ማረሱም፣ መከስከሱም፣ መዝራቱም ተደምሮ ቢቆጠር ስምንት ወይም ዐሥር ቀን ቢሆን ነው። ከዓመቱ 365 ቀኖች የቀሩት ሁሉ መኪናው የሚቆምባቸው ናቸው። ለጎረቤት በኪራይ ቢያርስም ጎረቤቱ የሚያርሰው በዚያው ሳምንት ነውና ቀኖቹ ብዙ አይጨምሩም።

ከዚህ የተነሣ ለዚህ አገር የሚሆነው የእርሻ መኪና በቀሩት ቀኖች ምን ይሠራል ተብሎ የሚመረጥ መሆን አለበት። መልሱም በእኔ ግምት ውሃ መሸከም፣ ሣር ማጨድና ማጓጓዝ፣ በቆሎ መፈልፈል ነው። ይህን ሁሉ ለመሥራት 75 የፈረስ ጉልበት አያስፈልግም፤ ከ25 እስከ 40 ያለው ይበቃል። ትንሽ መኪና መግዛት እንደ ውርደት ለሚቆጥሩ ሰዎች አንድ ነገር ላስታውስ። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ሰው ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ500,000 በላይ የተሠራው ዝነኛው ግራጫ ትራክተር ጉልበቱ 30 አይሞላም ነበር። የዛሬዎቹም ትራክተሮች መሣሪያቸውን የሚያነሡበት ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ የተስፋፋው በዚያ መኪና ነው። ማያያዣው መጠኑ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ በሌላው ፋብሪካ መኪና ላይ ይገጠማል። ገዢውም መሣሪያውን ሁሉ ከአንድ ነጋዴ እንዲገዛ አይገደድም።

ስለ ማረሻው ጥቂት ላብራራ። በዚህ አገር ያለው ቀይ አፈር በበጋ ይጠነክራል፤ ከብትም ስለሚረግጠው ከላዩ እንደ ሸክላ ይደርቃል። የዲስክ ማረሻ ይህን አፈር ገልብጦ ለፀሐይና ለነፋስ ያሰጣዋል። በአፈሩ ውስጥ የነበረችው ጥቂት እርጥበትም ትሄዳለች። ሰንጣቂ ማረሻ ግን፣ ሠራተኞች «ሪፐር» የሚሉት፣ አፈሩን ሳይገለብጥ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በመስመር ብቻ ይሰነጥቀዋል። ይህ ሥራ ዝናብ ሳይመጣ በደረቅ ጊዜ ይከናወናል፤ ዝናቡም ሲመጣ ውሃው ወደ ስንጥቁ ገብቶ ይጠራቀማል። በቆሎ በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ተተውቶለት ስለሚዘራ፣ ሁለት ጥርስ ያለው ሰንጣቂ በአንድ ጉዞ ሁለት መስመር ያዘጋጃል። ለአንዱ ጥርስ 15 የፈረስ ጉልበት ያህል ቢታሰብ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ሁለቱን ሊጎትት ይችላል። 4 ሄክታሩንም በዐሥር ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። የሚፈጀው ናፍጣም መሬቱን ሁሉ ከሚገለብጠው ማረሻ እጅግ ያነሰ ነው። ለጤፍ እርሻ ግን ሰንጣቂው ብቻውን አይበቃም። ጤፍ የለሰለሰ መሬት ይፈልጋልና ለእሱ ትንሽ መከስከሻ መጨመር፣ ወይም እንደ ጥንቱ በበሬ ማለስለስ ያስፈልጋል። በእርሻ ሥራቸው የታወቁት የቡርጂ ተወላጆች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

መሬቱ ከ2 ሄክታር ያነሰ ሰው ከነጭራሹ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ባይገዛ ይሻለዋል። ከ10 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ ከኋላዋ እየተሄደ በእጅ የምትመራ ባለ ሁለት ጎማ መኪና አለች። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማእከል ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና በዚምባብዌ ሞክሯታል። እርስዋም ትሰነጥቃለች፣ ትዘራለች፣ ትጎትታለች።

ወደ ውሃው እንመለስ። አንድ ላም በበጋ በቀን ከ30 እስከ 40 ሊትር ትጠጣለች። ስለዚህ 1,000 ሊትር የሚይዝ በርሜል በአንድ ምልልስ 25 ላም ያህል ያጠጣል። ገዢው ግን ውሃ ከባድ መሆኑን እንዳይዘነጋ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና 1,000 ሊትር አንድ ቶን ሲሆን፣ ተጎታቹ ሲጨመር ወደ አንድ ቶን ተኩል ይደርሳል። 35 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪናም ክብደቱ ከዚህ አይርቅም። ፍሬን የሌለው ተጎታች ከጎታቹ ከበለጠ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ገፍቶ ይጥለዋል፤ ሞያሌም በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። ስለዚህ ባለ 3,000 ሊትር በርሜል አይቶ የሚጎመጅ ሰው ምኞቱን ይግታ። በጎዶሎ የተሞላ በርሜል ደግሞ ውሃው ሲናወጥ ተጎታቹን ስለሚያወዛውዝ፣ በውስጡ ከፋፋይ ግድግዳ ያለውን መምረጥ ይገባል። የተጎታቹን ፍሬን ዋጋ ለማትረፍ ብሎ መተው በምንም መንገድ የሚመከር አይደለም።

ለሜዳ ሣር ማስተካከያ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ትራክተሮች በየወደቡ ይመጣሉ። ቀለማቸው ያማረ፣ መቀመጫቸውም ምቹ ነው። ነገር ግን ጎማቸው ለለስላሳ ሣር የተሠራ ስለ ሆነ የዚህ አገር የግራር እሾህ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። ወፍራም ጥርስ ያለው የእርሻ ጎማ ያስፈልጋል። ክብደት ለመጨመር ጎማውን ውሃ ሙሉት የሚል ምክር በየመጽሐፉ ይገኛል፤ ውሃ በጀሪካን በሚሸጥበት አገር ግን የብረት ክብደት ማሰር ሳይሻል አይቀርም። አቧራው ከእሾሁ የባሰ ጠላት ነው። የአየር ማጣሪያው ሁለት ድርብ መሆኑን ሳያዩ መግዛት፣ በሥራ ቀንም በየማታው አለማጽዳት ሞተሩን በአጭር ጊዜ ያስበላል። ማርሹ በእጅ የሚለወጠው፣ የነዳጅ ፓምፑም ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው ይመረጣል። ከጀሪካን የሚቀዳው ናፍጣ ንጹሕ አይደለምና ረቂቅ የሆነው ዘመናዊ ሞተር አይታገሠውም።

መለዋወጫ ዕቃን በሚመለከት ሞያሌ ዕድለኛ ከተማ ናት። ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ነገር ግን ወደ ሁለቱም በአስፋልት መንገድ ትደርሳለች። ከኢሲዮሎ ወደዚህ ያለው መንገድ ከመሠራቱ በፊት የጭነት መኪና በአቧራና በጭቃ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በናይሮቢ የታዘዘ ማጣሪያ በአውቶቡስ በማግሥቱ ይደርሳል። ሆኖም ትራክተሩን ከኬንያ ገዝቶ መለዋወጫውን ከወዲያ ማዶ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ለማግኘት ተስፋ ማድረግ አደገኛ ነው። በአንደኛው አገር የሚሸጠው ዐይነት በሌላው ላይገኝ ይችላል። ገዢው አስቀድሞ ወደ ሞያሌ መካኒኮች ሄዶ «የትኛውን ታውቃላችሁ? ለየትኛው ዕቃ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ ከተማ የሚጠገነው መኪና በሌላ ከተማ ከሚመሰገነው ይበልጣል።

አንድ የአደጋ ነገር ሳላሳስብ ማለፍ አልችልም። ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ መፈልፈያውንና ማጨጃውን የሚያዞረው ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በአንድ ሴኮንድ 9 ጊዜ ይዞራል። በአገራችን ወንዱ ሽርጥ፣ ሴቷም ሰፊ ልብስ ትለብሳለች። የጨርቁ ጫፍ በዘንጉ የተያዘ ሰው እጁን ለመሳብ ጊዜ የለውም። የዘንጉ መሸፈኛ የተሰበረበትን መኪና ማንም እንዳይገዛ፣ በሥራም ጊዜ ሕፃናት እንዳይቀርቡ አደራ እላለሁ። ከመቀመጫው ኋላ የቆመውንም የመገልበጥ መከላከያ ብረት «ቅርንጫፍ ይነካብኛል» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ሕይወቱን መቍረጡ ነው።

ይህ ሁሉ የገዢው ጉዳይ ሲሆን፣ የሹማምንቱም ጉዳይ የሆነ ነገር አለ። በኢትዮጵያ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በተቋቋመ ጊዜ ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበረ። ነገር ግን ትራክተርና ነዳጅ ያለ ቀረጥ ይገባ ስለ ነበር፣ ባለ ርስቶቹ ትልልቅ መኪና እየገዙ መሬታቸውን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኞቹም በብዙ ተነቀሉ። ትልቅ መኪና ብዙ መሬት ካላረሰ ዋጋውን አይመልስምና፣ ገዢው ባለው መሬት አይረካም። በሞያሌ አካባቢ ጭሰኛና ባለ ርስት የለም፤ ሰፊው መሬት የማኅበረሰቡ የግጦሽ መሬት ነው። ስለዚህ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና እዚህ ሲመጣ የሚታረሰው የከብት መተላለፊያውና ለጥጆች የተከለለው ካሎ ይሆናል። በድርቅ ጊዜ ደግሞ ያ መሬት እህልም ሣርም የሌለበት ባዶ አቧራ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም የሚነሣው ጠብ በቀላሉ አይበርድም።

ኬንያ በ2016 ዓ.ም. የማኅበረሰብ መሬት ሕግ አውጥታለች፤ የእርሻ ሥራም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የካውንቲዎች ሥልጣን ሆኗል። እንግዲህ የማርሳቢት ካውንቲ ሹማምንት ለገበሬ ማኅበራት የእርሻ መኪና በሚገዙበት ወይም በሚያከራዩበት ጊዜ ሁለት ነገር እንዲያስቡልን በአክብሮት እንለምናለን። አንደኛው፣ ለአንድ ትልቅ ትራክተር የሚወጣው ገንዘብ ሁለት ትንንሾችን ከሰንጣቂ ማረሻ፣ ከውሃ ተጎታችና ከበቆሎ መፈልፈያ ጋር ሊገዛ ይችል እንደ ሆነ አስልተው ይመልከቱ። ሁለተኛው፣ መኪናው ወደ አንድ ቀበሌ ከመሄዱ በፊት ሽማግሌዎቹ የከብቱን መተላለፊያና ወደ ኤላ የሚወስደውን መንገድ በድንጋይ ምልክት እንዲያሳዩና ነጂው ያንን ምልክት እንዳያልፍ ይታዘዝ። በ2020 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያም ለጥገና ብቻ ለአንድ ቀን የሚሻገረውን ትራክተር በአጭር ወረቀት የሚያሳልፍበት ሥርዐት ቢኖረው ለሁለቱም ወገን ገበሬ ይጠቅማል። እርግጥ ነው፣ ነጂው በኬንያ በኩል በግራ፣ በኢትዮጵያ በኩል በቀኝ መሄዱን እንዳይረሳ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።