ስለ ትምህርት ቤት መስኮት

በዚህ ዐምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ልጆች ትምህርትና ጠባይ ነው። ዛሬ ግን ከትምህርቱ ጥቂት ራቅ ብዬ፥ ትምህርቱ ስለሚሰጥበት ክፍል፥ ይልቁንም በክፍሉ ውስጥ ስላለው አየር ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ የመስኮት ነገር ስለ ሆነ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን በዚሁ ቀላል ነገር ምክንያት አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ በእኔ እጅ ተቀጥቶአልና አቃልዬ ላልፈው አልቻልሁም።

ከ2012 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በታኅሣሥ ወር፥ አንዲት እናት በማለዳ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው፥ «መምህር፥ ልጄ የሚቀመጠው በመስኮቱ ሥር ነው፤ ነፋስ እየመታው ሌሊቱን ሲያስል ያድራል፤ እባክዎን መስኮቱን ያዘጉልኝ» ሲሉ ለመኑኝ። የእናት ልመና ነውና አዘጋሁት። ሌሎችም ወላጆች ይህን ሰምተው ስለ ተደሰቱ፥ የክፍሉ መስኮቶች ሁሉ እስከ የካቲት ድረስ እንደ ተዘጉ ቀሩ። በክፍሉ ስድሳ ልጆች ነበሩ። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከፊሎቹ ያዛጋሉ፤ ከፊሎቹ ራሳችንን አመመን ይላሉ፤ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ግን ፈጽሞ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። እኔም ስንፍና መስሎኝ፥ «አንተ ሌሊቱን ምን ስትሠራ አድረህ ነው?» እያልሁ በጓደኞቹ ፊት ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አስቆመው ነበር። ይህ ልጅ በዕረፍት ሰዓት በሜዳው ላይ ከሁሉ የፈጠነ ሯጭ ነበር። ያን ጊዜ ይህን አይቼ መጠርጠር ይገባኝ ነበር።

የታፈነ አየር አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በውስጡ ለሚኖር ሰው አይታወቀውም። አፍንጫ ሽታውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል። የሚያውቀው ከደጅ የሚገባ ሰው ብቻ ነው። መምህሩ ደግሞ ከልጆቹ ጋር አብሮ ስለሚውል እንደ እነርሱው ይደነዝዛል።

አሁን ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ስፋቱ 7 ሜትር፥ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በደጅ ያለው አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ማለት በተለምዶ የተቃጠለ አየር የምንለው፥ አለበት። አንድ ልጅ ተቀምጦ ሲማር በሰዓት ወደ 12 ሊትር የሚጠጋ የተቃጠለ አየር ይተነፍሳል ብንል፥ ስድሳ ልጆች በየደቂቃው 12 ሊትር ይጨምራሉ ማለት ነው። ክፍሉ ሽንቁር የሌለው ሆኖ ቢዘጋ፥ በስምንት ደቂቃ ውስጥ መጠኑ ከሚሊዮን 1,000 ይደርሳል፤ የአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅም ከ3,000 ያልፋል። እርግጥ ነው፥ የእኛ በሮችና መስኮቶች በደንብ ስለማይገጥሙ ጥቂት አየር ሾልኮ ይገባል። የአናጢው ጉድለት ለልጆቹ ሳንባ የጠቀመበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ይህ 1,000 የሚባለው ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በሙኒክ ከተማ የነበረው የጤና ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ሰው የሚኖርበት ክፍል አየር ከዚህ ማለፍ እንደማይገባው ጽፎአል። እርሱ እንዳስረዳው፥ በዚህ መጠን የተቃጠለው አየር ራሱ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ ከሰው አካልና ከሰው እስትንፋስ የወጣው ሁሉ በክፍሉ ውስጥ መከማቸቱን የሚያሳይ ምልክት ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ መስኮቱ የተዘጋበት ልጅ ከሃምሳ ዘጠኝ ጓደኞቹ ሳንባ የወጣውን እየተቀበለ መልሶ ይተነፍሰዋል። የምግብ ሳህን የማይጋራ ልጅ እስትንፋስ ይጋራል።

ከጓደኞቹ አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ቢኖርበት ነገሩ ከድብታና ከራስ ምታት አልፎ ወደ ሕይወት ጉዳይ ይደርሳል። ሮበርት ኮኽ የዚህን በሽታ ተህዋሲ በ1882 ካሳወቀ ወዲህ፥ በሽታው በአየር ላይ በሚንሳፈፍ እጅግ ጥቃቅን ጠብታ ከሰው ወደ ሰው እንደሚሻገር በብዙ ምርመራ ተረጋግጦአል። በታይፔ ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይኸው በሽታ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ጊዜ፥ መርማሪዎች የመማሪያ ክፍሎቹን አየር ሲለኩ የተቃጠለው አየር ከሚሊዮን 3,000 አልፎ ተገኘ። አየሩ እየተለወጠ ወደ 600 ገደማ እንዲወርድ ከተደረገ በኋላ የበሽታው መተላለፍ በ97 ከመቶ መቀነሱን በ2020 በታተመ ጽሑፍ ገልጠዋል። ከዚህ በላይ ባሰላነው ሒሳብ የእኔም ክፍል ከዚያው ከ3,000 ቁጥር ላይ ደርሶ እንደ ነበረ ባሰብሁ ጊዜ ደነገጥሁ።

ምን ያህል ንጹሕ አየር ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መምሪያ፥ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ቤት ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ይላል። ለስድሳ ልጆች ስናሰላው፥ የክፍሉ አየር በሙሉ በየአምስት ደቂቃው ገደማ መለወጥ አለበት። ይህን የሰማ ሰው ታላቅ መኪና መግዛት ያስፈልጋል ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ነገር ግን በፔሩ አገር፥ በሊማ ከተማ፥ በስምንት ሆስፒታሎች የተደረገውና በ2007 የታተመው ምርመራ ደስ የሚያሰኝ ነው። በሩና መስኮቱ የተከፈተ ክፍል አየሩ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ሲለወጥ፥ በመኪና አየር የሚገባለት ክፍል 12 ጊዜ፥ የተዘጋው ክፍል ደግሞ አንድ ጊዜ ተኩል ብቻ ይለወጥ ነበር። ከሁሉም የበለጡት ከ1950 በፊት የተሠሩት፥ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፥ መስኮታቸው የሰፋ አሮጌ ክፍሎች ነበሩ።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ብርዱስ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የእናቶቻችን ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ በንቀት የሚመለስ አይደለም። ሆኖም ጉንፋንን የሚያመጣው ነፋሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ብርድን ፈርተን በአንድ ክፍል ስንታፈግ ደግሞ መተላለፊያውን እናመቻችለታለን። በአሜሪካ፥ በሮድ አይላንድ ግዛት ባለችው በፕሮቪደንስ ከተማ፥ በ1908 በክረምቱ መካከል ሁለት ሴቶች ሐኪሞች የሳንባ ነቀርሳ ላሠጋቸው ልጆች አንድ ትምህርት ቤት አስከፈቱ። የአንዱን ወገን ግንብ አስነሥተው በትላልቅ መስኮቶች አስተኩት፤ መስኮቶቹም ሳይዘጉ ይውሉ ነበር። በዚያ አገር በረዶ ይጥላል። ልጆቹን ግን ወፍራም ከረጢት እስከ ደረታቸው እያለበሱ፥ በእሳት የሞቀ ድንጋይ ከእግራቸው ሥር እያኖሩ አስተማሩአቸው። ብርዱን የተከላከሉት መስኮቱን በመዝጋት ሳይሆን ልጁን በማልበስ ነበር።

በእኛም አገር ፊደል በዛፍ ጥላ ሥር ሲቆጠር ኖሮአል፤ አየሩ የሁሉ ነበረ። (የቆሎ ተማሪ የሚያድርባት ጎጆ ግን ጠባብና ጢሳም ነበረችና የድሮውን ሁሉ አላመሰግንም።) ዛሬ በከተማ ብዙ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ለመኖሪያ ተሠርቶ በተከራየ ቤት ነው። ለሁለት ሰው መኝታ የታሰበ፥ አንዲት መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ሠላሳና አርባ ልጅ ይይዛል። ልጆቹ ወደ ደጅ እንዳያዩ መስኮቱ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ መስተዋቱ ሲሰበር በቆርቆሮ ይመታል። አንባቢዬ ልጁን ለማስመዝገብ ሲሄድ ክፍያውን እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ እግረ መንገዱን ወደ ክፍሉ ገብቶ መስኮቱ ይከፈት እንደ ሆነ በእጁ ቢሞክረው እመክራለሁ። መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ካለ በሩ ተከፍቶ ይዋል፤ አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ያስፈልገዋልና። ልጆች ለዕረፍት ሲወጡ ሁሉም ይከፈት። የአፈር ወለል ከመጠረጉ በፊት ውኃ ይረጭበት። መስኮቱ መኪና ወደሚበዛበት ጎዳና የሚመለከት ከሆነ ግን በግቢው በኩል ያለው መከፈቱ ይሻላል፤ የመኪና ጢስም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው።

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ልጆቹ ቁጥራቸው ተቀንሶ፥ መስኮትና በር ተከፍቶ እንዲማሩ ታዘዘ። በዚያ ዓመት በአራተኛው ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋ ልጅ አላየሁም። ቁጥራቸው ስላነሰ ነው የሚለኝ ቢኖር አልከራከርም፤ አንዱም ምክንያት እርሱ ነው። ነገር ግን ያን የቆመ ልጅ አስታወሰኝ። ወደ ላይኛው ክፍል ተዛውሮ ስለ ነበረ አስጠርቼ፥ «ያን ቀን ያለ ጥፋትህ ቀጥቼሃለሁና ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም አቀርቅሮ፥ «የትኛውን ቀን ነው፥ መምህር?» አለኝ።

ወረርሽኙ ሲያልፍ በብዙ ክፍል መስኮቱ እንደ ገና ተዘጋ። ዘንድሮ በኅዳር ወር ሌላ እናት እንደ ፊተኛዋ ወደ እኔ መጥተው ያንኑ ልመና ለመኑኝ። በወንበር አስቀምጬ ይህን የጻፍሁላችሁን በአጭሩ ነገርኋቸው፤ ልጃቸው አስም እንዳለበትም ከእርሳቸው ሰማሁ። መቀመጫውን ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ ወደ መካከል አዛወርሁት፤ እርሳቸውም ሹራብ ደርበው ይልኩታል። መስኮቱ ክፍት ነው።