ሁለቱ ጣናዎች

ሳልሞን ማለት ምን ዐይነት ዓሣ ነው ብሎ አንድ ተማሪ ቢጠይቃችሁ፣ አንባቢዎቼ፣ ምን ትመልሱለታላችሁ? እኔ በክፍል ውስጥ ተጠይቄአለሁ። የደምበጫ ልጅ ዓሣ የሚያውቀው በሰርዲን ቆርቆሮ ነው፤ ከዚያ ካለፈም ተምጫ ወርዶ በመንጠቆ የሚይዛትን የጣት ታህል ዓሣ ያውቃል። ስለዚህ «ሳልሞን ለመራባት ከባሕር ተነሥቶ ወንዙን ሽቅብ የሚወጣ የሰሜን አገር ዓሣ ነው» ቢሉት፣ መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ለልጁ ተረት ይመስለዋል። ነገር ግን ይኸው ተረት የሚመስለው ነገር፣ ከደምበጫ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በየዓመቱ በክረምት በገዛ አገራችን ይፈጸማል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ነው።

አስቀድመን ወደ ሩቁ ሰሜን እንሂድ። ኖርዌይና ፊንላንድ በሚዋሰኑበት በአውሮፓ ጫፍ፣ ድንበሩን ተከትሎ ወርዶ ወደ ባረንትስ ባሕር የሚገባ አንድ ትልቅ ወንዝ አለ። ፊንላንዶች ቴኖ ይሉታል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ዴአትኑ ይሉታል፤ ትርጓሜውም ትልቅ ወንዝ ማለት ነው። ኖርዌዮች ደግሞ ታና ብለው ይጠሩታል። ከእኛ ጣና ጋር የድምፅ መገጣጠም ነው እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም። ይሁን እንጂ ስሙን በካርታ ላይ ያየ ጎጃሜ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

በዚያ አገር ወቅት የሚለየው እንደ እኛ በዝናብና በፀሐይ ሳይሆን በብርሃንና በጨለማ ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ጨርሳ አትወጣም። ወንዙም ረግቶ በረዶ ስለሚሆን ሰው በላዩ ይሄድበታል። በግንቦት በረዶው እየተሰነጠቀ በታላቅ ድምፅ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም፤ በእኩለ ሌሊት ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የዛፉ ቅጠል ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫና ቀይ ይሆናል፤ እኛ በአደይ አበባ በምንደሰትበት ሰሞን መሆኑ ነው። ሳልሞኑ ከባሕር የሚገባው ፀሐይ በማትጠልቅበት በዚያ ወራት ነው። በወንዙ ጠጠር መካከል ይፈለፈላል፤ ጥቂት ዓመት በዚያው ያድጋል፤ ወደ ባሕር ወርዶ ይሰባል፤ በመጨረሻም የተወለደበትን ውሃ በሽታው ለይቶ ይመለሳል። በ1928 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ከዚህ ከታና ወንዝ በመንጠቆ የወጣ አንድ ሳልሞን 36 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ይህ ማለት አንድ ደኅና በግ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጣና እንመለስ። በጣና ሦስት ዐይነት ዓሣ በገበያ ይታወቃል፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። በ1830ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ወደ አገራችን መጥቶ ጥቂቶቹን ለይቶ ጽፎ ነበር። ከእርሱ በኋላ ብዙ ክርክር ሆኖ፣ በመጨረሻ የሆላንድና የኢትዮጵያ ሊቃውንት በ1980ዎቹ በእኛ አቆጣጠር መርምረው፣ በጣና ብቻ እንጂ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ዐይነት መሆናቸውን አስረዱ። ሁሉም ላቤዮባርበስ በሚባል ወገን ይቆጠራሉ። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ይበላሉ፤ የሚገርመው ግን በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ሊቃውንቱ ትሩቲፎርሚስ ብለው ሰይመውታል፤ ትራውት የሚመስል ማለት ነው፤ ትራውት ደግሞ የሳልሞን የሥጋ ዘመድ ነው። የእኛው ዓሣ በዘሩ ከሳልሞን ጋር አይገናኝም፤ በመልኩና በጠባዩ ግን እንዲህ ያለ ስም አሰጥቶታል።

ይህን ሁሉ ዐይነት ዓሣ ለብቻው ጠብቆ ያኖረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ገደል ሽቅብ ሊወጣ የሚችል ዓሣ ስለሌለ፣ ከታች ያለው ከታች፣ ከላይ ያለውም ከላይ ቀርቷል። የእኛ ተምጫም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ስለ ሆነ ከፏፏቴው በታች ከሚገኙት ወንዞች ወገን ነው፤ የጣና ዓሣ አይደርስበትም።

እንግዲህ ክረምት ሲገባ ከጉና ተራራ የሚነሡት ጉማራና ርብ፣ ከጎንደር በኩል የሚመጣው መገጭ፣ ሌሎቹም ወንዞች ሞልተው ቡና የመሰለ ውሃ ወደ ጣና ያፈስሳሉ። ገበሬው ጤፉን ለመዝራት ሲሯሯጥ፣ ነጭ ዓሣውም የራሱን ሥራ ይጀምራል። ከሐምሌ አንሥቶ ከ15ቱ ዐይነቶች ቢያንስ ግማሽ ያህሉ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጎርፉን እየተጋፉ፣ ድፍርሱን ዋና ወንዝ አልፈው፣ ጠጠር ወዳለባቸውና ጥልቀት ወደሌላቸው ገባር ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላል ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታልና ንጹሕ ጠጠርና የሚንፎለፎል ውሃ ያስፈልጋቸዋል። በነሐሴና በመስከረም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አባትና እናት ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ጠንከር ሲሉ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ተከትለው ይወርዳሉ። ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ፣ ነጭ ዓሣ ከሐይቅ ወደ ወንዝ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በሰፊው ሐይቅ ላይ ተበትኖ የነበረው ዓሣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአንድ ጠባብ በር ያልፋል። በበሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ከዓመት ዓመት የማያገኘውን በአንድ ሌሊት ያገኛል፤ የሚያገኘውም እንቁላል ያዘለውን ነው። ዱሮ የነገደ ወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ ሆነው ሲያጠምዱ ጉዳቱ ይህን ያህል አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ያለው ጀልባና የናይለን መረብ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ይህም ሳይበቃ ከላይ በገባሮቹ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚበትን አለ። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ሁሉንም አስክሮ ያንሳፍፋል። በዚያም ላይ በበጋ ለቤት ሥራ ተብሎ ከወንዝ የሚጫነው አሸዋና ጠጠር የዓሣው አራስ ቤት መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

ውጤቱን ሊቃውንቱ ለክተውታል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የጣና ነጭ ዓሣ ምርት በመቶ 75 ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚህም ይልቅ ዝቅ ብሏል። የትልቁ ማነስ ያስጨንቃል፤ የልጆቹ መጥፋት ግን ወራሽ የሌለው ቤት ማለት ነው። ነጭ ዓሣ እንደ ቀረሶ ቶሎ የሚባዛ አይደለም፤ ለአቅመ መራባት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል።

የሰሜኑ ታናስ እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ብልጽግናና ትምህርት ያላቸው ሁለት መንግሥታት የሚጠብቁት ወንዝ ከጥፋት አልዳነም። በወንዙ ላይ አብዝቶ ማጥመዱና በባሕሩ ላይ የሳልሞኑ ኑሮ መክፋቱ ተደምሮ፣ በ2021 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በመላው ወንዝ ሳልሞን ማጥመድ ተከለከለ፤ በተከታዮቹም ዓመታት ክልከላው ቀጠለ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከዚያ ወንዝ ሲበሉ የኖሩት ሳሚዎች ጀልባቸውን ወደ ዳር ስበው ቆሙ። ልጆቻቸውም መረብ አጣጣሉን ከወላጆቻቸው ሊማሩ የሚችሉበት ጊዜ አለፈባቸው። እንዲያውም እኛን እምቦጭ እንዳስቸገረን ሁሉ፣ እነርሱን ደግሞ ሩሲያኖች በሌላ ወንዝ የለቀቁት ሮዝ ሳልሞን የሚባል እንግዳ ዓሣ በብዛት እየገባ ያስቸግራቸዋል። እምቦጩ በጣና የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው።

የእኛ ነገር ከእነርሱ የሚሻልበት አንድ ነጥብ አለ። ለእኛ ሐይቁን ሁሉ መዝጋት አያስፈልገንም። ቀረሶውና አምባዛው በሐይቁ ላይ እየተጠመደ፣ የወንዞቹ አፍና ገባሮቹ ብቻ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መረብ ባያርፍባቸው ብዙ ነገር ይድናል። ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ነገር ግን አዋጅ በራሱ እግር ወደ ጉማራ አፍ አይሄድም። በነሐሴ ጭቃ ከወረታ ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ ምን ያህል እንደሚከብድ የፎገራን ሜዳ በክረምት ያየ ሰው ያውቀዋል።

ዓሣ አጥማጁን ብቻ መኰነን ደግሞ ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል። ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ለልጅ ደብተር መግዣ የሚፈለግበት ወር ነው። በዚያው ወር የፍልሰታ ጾም ይገባል። አጥባቂው ዓሣም አይቀምስም፤ በየሆቴሉ ግን «የጾም ዓሣ» እየተባለ በሰፊው ይቀርባል፤ በላተኛውም እኔና እናንተ ነን፣ ደመወዝ የምንቀበለው። መረቡን ወደ ወንዙ አፍ የሚስበው የእኛ ብር ነው። ቀረሶ ስጡኝ ማለት ግን ምንም አያስቸግርም።

ከእናንተ መካከል በደራ፣ በፎገራ ወይም በሊቦ ከምከም ወረዳ በግብርና ጽሕፈት ቤት የተመደባችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአሸዋ ፈቃድ ሲጠየቅ ወረቀቱ የሚያልፈው በእናንተ ጠረጴዛ አቅራቢያ ነው። ፊርማ ከመጣሉ በፊት «ይህ ቦታ ነጭ ዓሣ የሚወልድበት ነውን?» ብሎ የመንደሩን ሽማግሌ መጠየቅ አበል የሚያስፈልገው ሥራ አይደለም። ሽማግሌው ቦታውን በስሙ ጠርቶ ይነግራችኋል።

ሌላው አንባቢ ደግሞ በመስከረም መጀመሪያ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ እንደ ሆነ፣ ወረታ ከመድረሱ በፊት የጉማራን ድልድይ ያገኛል። ሜዳው አረንጓዴ፣ የሩዙ ማሳ ውሃ የሞላበት፣ ጉናም ደመና ለብሶ የሚታይበት ጊዜ ነው። ከመኪናው ወርዶ ወደ ታች ቢመለከት ዓሣውን አያይም፤ ውሃው በጣም ድፍርስ ነው። እነርሱ ግን በዚያ ሰዓት ከሥሩ እያለፉ ነው።