ስለ ዶጀርስ ማልቀስ ይብቃ

የቤዝቦል ወቅት ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ለቅሶው ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ሜዳዎቹ ባዶ በሆኑባቸው ወራት፣ ውላቸውን የጨረሱ ተጫዋቾች ለአዲስ ቡድን ሲፈርሙ፣ ቢሮም ቴሌግራምም ላይ የምሰማው አንድ ነው። ዶጀርስ ጨዋታውን ገደሉት። ዱላ ለሚወዘውዝ ሰው 700 ሚሊዮን ዶላር ምን የሚሉት እብደት ነው? የደመወዝ ጣሪያ ይበጅለትና እንገላገል። ባለፈው ጃንዋሪ ካይል ተከር በ4 ዓመት 240 ሚሊዮን ዶላር ለዶጀርስ ሲፈርም ደግሞ በቃ፣ ድንኳን ተተከለ።

እኔ የዶጀርስ ደጋፊ አይደለሁም። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቡድኔ የዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። (አጎቴ እስከ ዛሬ ጨዋታውን "የፈረንጅ ገና" ነው የሚለው፤ ትቼዋለሁ።) እንዲያውም ማልቀስ ካስፈለገ ከማንም በፊት የሚገባኝ ለእኔ ነበር። ሁዋን ሶቶን በ2015 ገና በ16 ዓመቱ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረምነው እኛ ነን። በ2019 ዋንጫውን ያነሳነው ከእሱ ጋር ነው። በ2022 የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ውል አልፈልግም ሲል ለሳን ዲዬጎ አሳልፈን ሰጠነው፤ ዛሬ በ765 ሚሊዮን የኒውዮርክ ሜትስ ተጫዋች ነው። ያማል። ግን ጥፋተኛ ፈልግ ብትሉኝ ጣቴን ወደ ሶቶም ወደ ሜትስም አልቀስርም። ቤዝቦልን የጎዱት ብዙ የሚያወጡት ቡድኖች አይደሉም። ማውጣት እየቻሉ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ የከተቱት ናቸው፤ የእነሱን ስም ደግሞ ማንም አያነሳም።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ፤ ግማሹ ንዴት የሚመጣው ከዚህ ነው። ኔይማር በ2017 ወደ ፓሪስ ሲሄድ የተከፈለው 222 ሚሊዮን ዩሮ የገባው ባርሴሎና ካዝና ነው። የዝውውር ገንዘብ ከክለብ ወደ ክለብ ነው የሚሄደው፤ ተጫዋቹ ደመወዙን ለብቻው ይደራደራል። ቤዝቦል ላይ ውሉን ጨርሶ የወጣ ተጫዋች ሲፈርም ግን የምትሰሙት ቁጥር በሙሉ የሰውየው ደመወዝ ነው፣ የ10 ወይም የ15 ዓመት አንድ ላይ ተደምሮ። ሻጭ ክለብ የለም። ስለዚህ "ይኼ ሁሉ ገንዘብ" ብላችሁ ስትናደዱ የምትናደዱት በሠራተኛ ደመወዝ ላይ ነው።

ያ ደመወዝ እንዲሁ የመጣ አይደለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ድሮ ቡድኑ ካልለቀቀህ ዕድሜህን ሙሉ የእሱ ነበርክ። በ1969 ሴንት ሉዊስ ከርት ፍለድን ሳይጠይቀው ለፊላዴልፊያ ሲሰጠው፣ ሰውየው እንደ ዕቃ የምገዛ የምሸጥ አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኮሚሽነር ጻፈና ፍርድ ቤት ሄደ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ፈረደበት፤ የኳስ ሕይወቱም በዚያው አለቀ። በሩ የተከፈተው በ1975 ነው፣ ገላጋይ ዳኛ ለሁለት ወርዋሪዎች ሲፈርድላቸው። ለፍለድ አልደረሰለትም።

ዛሬም ቢሆን በሩ የሚከፈተው ከስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት አብዛኛው ተጫዋች የሚያገኘው ቡድኑ የቆረጠለትን ነው፤ ቀጥሎ ሦስት ዓመት በግልግል ይደራደራል፤ ከዚያ ነው ገበያ የሚወጣው። አንድ ዓመት የሚባለው ደግሞ 172 ቀን ነው። በ2015 የቺካጎ ካብስ ክሪስ ብራያንትን፣ ከወቅቱ በፊት በነበሩት የልምምድ ጨዋታዎች 9 ሆም ረን የመታውን ልጅ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ታችኛው ሊግ ላይ አቆዩትና ከዚያ ጠሩት። ዓመቱ ሲያልቅ የተቆጠረለት 171 ቀን ነበር። አንድ ቀን! እኔ ኮድ ስጽፍ እንዲህ በአንድ የሚዛነፍ ነገር ካገኘሁ ስህተት ነው ብዬ አርመዋለሁ፤ እዚህ ግን ሆን ተብሎ የተሰላ ነው የሚመስለው። ቡድኑ አልተንኮልኩም አለ፣ ብራያንት ከሰሰ፣ በ2020 ተሸነፈ፤ አንድ ተጨማሪ ዓመት የእነሱ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ፒትስበርግ እንሂድ። ፖል ስኪንስ ባለፈው ወቅት በናሽናል ሊግ የወርዋሪዎችን ትልቁን ሽልማት፣ ሳይ ያንግን፣ በሙሉ ድምፅ ወሰደ። ቡድኑ ፓይረትስ የከፈለው የዓመት ደመወዝ 875,000 ዶላር ነው። ሁሉም ቡድኖች ከሚያዋጡት የቦነስ ቋት ጥቂት ሚሊዮን ይጨመርለታል፤ ያም ቢሆን ከፓይረትስ ኪስ የሚወጣው አንድ ሠላሳኛው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወርዋሪ በዚህ ዋጋ ያገኘ ቡድን በተረፈው ገንዘብ ዙሪያውን የሚመቱ ሰዎችን ይሰበስባል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። 71 አሸንፈው 91 ተሸነፉ። ከ2015 ወዲህ ጥሎ ማለፍ አልገቡም፣ ዋንጫ ካነሱ ከ1979 ወዲህ ነው። ሜዳቸው በ2001 ሲከፈት ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነው ሕዝብ ነው።

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። ሠላሳዎቹ ቡድኖች ከየአካባቢያቸው ከሚያገኙት የተጣራ ገቢ 48 በመቶውን ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ፤ ቋቱ እኩል ይከፈላል። እንደ ዶጀርስ ያለው ከሚወስደው በላይ ያዋጣል፣ እንደ ፒትስበርግ ያለው ካዋጣው በላይ ይወስዳል። ደንቡ የተወሰደው ገንዘብ ሜዳ ላይ ቡድኑን ለማሻሻል ይዋል ይላል። በ2010 ሾልከው የወጡ የሒሳብ ሰነዶች ግን ፓይረትስ በ2007 እና በ2008 በድምሩ 29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳተረፉ አሳዩ። ያኔ ደግሞ በተከታታይ 20 ዓመት ከሚሸነፉት በታች ያሸነፉበት ዘመን መሃል ላይ ነበሩ። እየተሸነፉ ማትረፍ የሚቻልበት ሥርዓት ካለ ለማሸነፍ ማን ይደክማል? አትሌቲክሶችም በ2024 መጨረሻ ለሉዊስ ሰቨሪኖ 67 ሚሊዮን ሰጡና ሁሉም ተገረመ፤ እስከዚያ ጊዜ በታሪካቸው ትልቁ ውል ነበር። ያን ጊዜ በስፋት የተጻፈው ምክንያት የተጫዋቾች ማኅበር በቋቱ ገንዘብ አጠቃቀም እንዳይከሳቸው ነው የሚል ነበር። ማለትም ኪሳቸው ውስጥ ነበረ።

ወደ ዶጀርስ ልመለስ፤ ምንም ጥቅም የላቸውም ብዬ ልዋሽ አይደለም። የቴሌቪዥን ውላቸው ለ25 ዓመት ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ሚልዋኪ ያንን በሕልሟም አታየውም። ግን ከጥቅሙ ምን እንዳደረጉበት እዩ፤ አወጡት። በ2025 ብቻ ከደመወዝ ወሰኑ በላይ በማለፋቸው 169 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የቅንጦት ግብር ተጥሎባቸዋል። ማያሚ ያን ዓመት ለመላው ቡድኗ ያወጣችው የዚህን ግማሽ አካባቢ ነው። ደጋግሞ ወሰኑን ላለፈ ቡድን ላይኛው እርከን ላይ ለእያንዳንዷ ተጨማሪ ዶላር 1.10 ዶላር ግብር ነው።

የሾሄይ ኦታኒ 700 ሚሊዮንም ቢሆን 700 ሚሊዮን አይደለም። በዓመት የሚወስደው 2 ሚሊዮን ነው። የቀረው 680 ሚሊዮን ከ2034 እስከ 2043 በየዓመቱ 68 ሚሊዮን እየሆነ፣ ያለ ወለድ ይከፈለዋል። ይኼን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ቀላል ነው። በ2024 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ ያየ ሰው፣ ወይም እቁብ ላይ የመጨረሻው ዕጣ የወጣለት ሰው፣ የነገ ገንዘብ የዛሬ ገንዘብ እንዳልሆነ ያውቃል። ሊጉ ራሱ ለግብር ሲያሰላው በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ዘዴው ሕጋዊ ነው፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ሜትስ በ2000 ቦቢ ቦኒያን ላለማጫወት ሊከፍሉት የነበረውን 5.9 ሚሊዮን አዘግይተው እስከ 2035 በየጁላይ 1 ወደ 1.19 ሚሊዮን ይልኩለታል። ከተጫዋቹ ይልቅ ውሉ ዝነኛ ሆኗል።

"ግን ዋንጫ እየገዙ ነው" ትሉኛላችሁ። በ2024 እና በ2025 ዶጀርስ አሸነፉ፣ እውነት ነው። ከዚያ በፊት ከ2000ው ያንኪስ ወዲህ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈ አንድም ቡድን አልነበረም። ሜትስ በ2023 በጊዜው ክብረ ወሰን የሆነ ደመወዝ ከፍለው 75 ብቻ አሸነፉ። ሶቶን ባስፈረሙበት በመጀመሪያው ዓመትም ጥሎ ማለፍ ሳይገቡ ቀሩ። ያንኪስ ከ2009 ወዲህ ዋንጫ አላዩም። ኮሎራዶ ያው ብራያንትን በኋላ በ182 ሚሊዮን አስፈርመው አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው በጉዳት ነው። በሌላ በኩል ትንሿ ሚልዋኪ በ2025 ከመላው ሊግ በላይ 97 ጨዋታ አሸንፋለች። (ከዚያ ዶጀርስ 4 ለ 0 አሰናበቷት፤ አልደብቅም።) ሳን ዲዬጎም ትንሽ ገበያ ናት፤ ባለቤቷ የነበረው ሟቹ ፒተር ሳይድለር ገንዘቡን ሲያወጣ ሕዝቡ ምን አደረገ? በ2023 ከ3.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ስታዲየም ገባ፣ በጊዜው የቡድኑ ክብረ ወሰን።

የደመወዝ ጣሪያ ፉክክርን እኩል ያደርጋል የሚለውም የሚመረመር ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ጠንካራ ጣሪያ አለው፤ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ከ2019 እስከ 2024 ባሉት ስድስት ወቅቶች አምስቱን ለፍጻሜ ደርሰዋል። ጣሪያ በእርግጠኝነት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ለተጫዋች የሚሄደውን ይገድባል። ቲኬት አይረክስም፣ ቢራው አይረክስም፣ የቴሌቪዥን ገንዘቡም አይቀንስም። ልዩነቱ የት እንደሚቀር መገመት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አይጠይቅም፤ የኢንጂነሪንጉ ይበቃል።

ባለቤቶቹ ይኼን ሲሞክሩ የመጀመሪያቸው አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንዱ የሌላውን ተጫዋች ላለማስፈረም ተመሳጥረው ተገኙና 280 ሚሊዮን ዶላር ካሡ። በ1994 ጣሪያ ካልሆነ አሉ፤ አድማው 232 ቀን ፈጀ፣ የዓመቱ ፍጻሜም ተሰረዘ። እኔን የሚያበሳጨኝ ደግሞ ጣሪያውን አብዝተው የሚጠይቁት የሙያ ጓደኞቼ መሆናቸው ነው። እንዴ፣ በእኛም ላይ ተሞክሯል እኮ! አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴልና አዶቢ አንዱ የሌላውን መሐንዲስ ደውሎ እንዳይጠራ ተስማምተው ነበር። በ2010 የፍትሕ ሚኒስቴሩ አስቆማቸው፣ በ2015 ከሠራተኞቹ ክስ ለመውጣት 415 ሚሊዮን ከፈሉ። ያኔ "የፕሮግራመር ደመወዝ በዝቷል፣ ለኢንዱስትሪው ጤንነት ሲባል ነው" ያለ ፕሮግራመር አላየሁም።

መፍትሔ አምጣ ካላችሁኝ ወለል ይበጅ፤ ከቋቱ የወሰድከውን ለተጫዋች ካላወጣህ በሚቀጥለው ዓመት አትወስድም። ባለቤቶቹ ወለል የሚባለውን ቃል ይወዱታል፣ ብቻውን እስካልመጣ ድረስ። በኦገስት 2021 የ100 ሚሊዮን ወለል አቅርበው ነበር፤ በዚያው ወረቀት ላይ የቅንጦት ግብሩ መነሻ ከ210 ወደ 180 ሚሊዮን ይውረድ ብለው። ከላይ የሚቆርጡት ከታች ከሚጨምሩት እንዲበልጥ ነው። ያ ድርድር የ99 ቀን በር መዘጋት አስከተለ።

አሁን ያለው ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1፣ 2026 ነው፤ ባለቤቶቹም የጣሪያውን ወሬ እንደገና ጀምረዋል። ከስረናል ይላሉ፣ መዝገባችሁን አሳዩ ሲባሉ ዝም። አክሲዮኗ በገበያ ስለሚሸጥ ሒሳቧን በየሩብ ዓመቱ የምታወጣ አትላንታ አለች፤ የአብዛኞቹ ግን ዝግ ነው። ስኪንስ ውሉን ጨርሶ ገበያ መውጣት የሚችለው ከ2029 ወቅት በኋላ ነው። ጣሪያው ከዚያ በፊት ከመጣ፣ 875,000 እየከፈሉ ያጫወቱት ሰዎች ያንን ዋጋውንም አብረው ይወስኑለታል።