ለመቅበሪያው ዕድር አለን፤ ለመጦሪያውስ?

በአገራችን ሽማግሌ ወጣትን ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ማለቱ የተለመደ ነው። ምርቃቱ ሁለት ነገር ያጣመረ ነው፤ መጀመሪያ የሚጦር፣ ከዚያም የሚቀብር ይስጥህ ማለት ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ግን ከሁለቱ በኋለኛው ላይ ብቻ በርትተን እንገኛለን። ለመቅበሩ ዕድር አለን፤ ዕድሩም ደንብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሓፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳንና ድስት አለው፤ የወር መዋጮውን በጊዜው ያልከፈለ ይቀጣል። ለመጦሩስ ምን አለን? አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት አምስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ዐሥር ዓመት ባልጋ ላይ ቢውል ወጪውን ማን እንደሚችለው አስቀድሞ የተነጋገረ ቤተ ሰብ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ዐሳብ በቤት ውስጥ ማንሣት የሚያስቸግር መሆኑን እናውቃለን። አንድ ልጅ ወላጆቹን «እናንተ ብትታመሙ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ «ምን ታሟርትብናለህ?» የሚል መልስ ያገኛል። ነገር ግን እነዚሁ ወላጆች በየወሩ ወደ ዕድራቸው እየሄዱ ለገዛ ቀብራቸው መዋጮ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ይህንንም ሟርት ነው ያለ ማንም የለም። ለሞት ደንብ አውጥቶ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሕዝብ ስለ ሕመም መነጋገርን የሚፈራበት ምክንያት ለእኛ አይታየንም።

ጥንት ነገሩ እንዲህ አያስጨንቅም ነበር። በአንድ ግቢ ልጅም፣ ምራትም፣ የልጅ ልጅም፣ ዘመድም ስለሚኖር የታመመውን ሽማግሌ አንዱ ቢደክመው ሌላው ያነሣው ነበር። ዛሬ ባልና ሚስት ጧት ወደየመሥሪያ ቤታቸው፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቤቱ እስከ ማታ ባዶ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ ዕድሜ ረዝሟል። ከ25 ዓመት በፊት በኢትዮጵያ ለሚወለድ ሰው ተስፋ ይደረግ የነበረው ዕድሜ 50 ዓመት ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ነው። ከዚህ ዕድገት አብዛኛው የሕፃናት ሞት በመቀነሱ የተገኘ ቢሆንም ሽማግሌውም ቢሆን ከድሮው ይልቅ ረጅም ጊዜ ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ጋራ ይኖራል። ስትሮክ የመታውን ሰው ሆስፒታል ነፍሱን አትርፎ ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ይሰደዋል። የብዙ ዓመቱ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወጪውን ዘርዝረን እንመልከተው፤ ብዙ ሰው «አስታማሚ» ሲባል የሚታየው የምግብና የመድኃኒት ዋጋ ብቻ ነውና። መገላበጥ የማይችል በሽተኛ እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ ጐኑን ማዞር ያስፈልጋል፤ ይህም ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሊችለው አይችልም፤ ሁለት ያስፈልጋሉ። የአዋቂ ዳይፐር በቀን አራት ጊዜ ቢለወጥ በወር 120 ይሆናል። ዳይፐሩ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ፣ ከመድኃኒቱም ብዙው ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እንደ ምን እንደ ናረ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። የቤት ሠራተኛዋን «እግረ መንገድሽን እሳቸውንም ተመልከቺልን» ብሎ ማለፍ የሚቻለው ለጥቂት ሳምንት ነው። ያች ልጅ ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ መሥራቷን ባወቀች ጊዜ ትሄዳለች፤ ብትሄድም አንፈርድባትም። በዐረብ አገር የሌላ ሰው አባት ለማስታመም የሚከፈላትን ታውቃለችና።

የቤቱም ነገር አለ። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። እናቱን በሦስተኛው ፎቅ ያስቀመጠ ልጅ እግሯ በታመመ ዕለት ወደ ሐኪም የሚያወርዳት በአራት ሸክም ነው። ወደ ታችኛው ቤት መዛወር፣ ወይም የላይኛውን አከራይቶ ታች መከራየት የሚሻለው ገና በእግሯ ሳለች ነው።

«ጡረታ አላቸው» የሚል ይኖራል። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር የወጣ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛም ከ1955 ዓ.ም. ዐዋጅ ጀምሮ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተጠቃሚ ሆኗል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሒሳቡን መሥራት ይገባል። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የሚታሰበው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ከመቶ 30 ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1 ነጥብ 25 ይጨመራል። እንግዲህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው ከደመወዙ ከመቶ 55 ያገኛል ማለት ነው። ሲሠራ በሙሉ ደመወዙ ይቸገር የነበረ ሰው በሽተኛ ሆኖ በግማሹ ሊኖር ነው። የወጣት አንባቢዎቻችን ወላጆች ብዙዎቹ ደግሞ ገበሬዎችና ቸርቻሪ ነጋዴዎች ናቸው፤ ይህችም የለቻቸውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ቢሆን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለሚሰጠው ሕክምና የቆመ ነው፤ ቤት ውስጥ ለሚያስታምም ሰው ደመወዝ አይከፍልም።

የመድን ሥርዐቱ ለዚህ ጉዳይ ሊዘረጋ የሚችል መሆኑን ሌሎች አሳይተዋል። ጀርመን በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓን በ2000 እ.ኤ.አ. ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ ብቻ የሚያገለግል መድን አቋቁመዋል፤ በጃፓን ሰው 40 ዓመት ሲሞላው መክፈል ይጀምራል። የእኛ ዘመን እስኪደርስ ግን የእናታችን ወገብ አይጠብቅም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳዝነን ነገር እንምጣ። የማስታመሙ ዕጣ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ባላገባችው ሴት ልጅ ላይ ነው። ወንድሞቿ ተሰብስበው «አንቺ ትሻያለሽ» ይሏታል፤ እርሷም ሥራዋን ትለቃለች። ሰባት ዓመት አገልግላ ከሆነ የዘላቂ ጡረታ መብት የሚጀምረው ከ10 ዓመት አገልግሎት ስለ ሆነ ያ መብት ሳይደርስላት ይቀራል። በየወሩ ከደመወዟ ከመቶ 7፣ ከአሠሪዋም ከመቶ 11 ይገባላት የነበረው ይቆማል። እናቷን ስትጦር የራሷን መጦሪያ ታጣለች ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ እናትየው ሲያርፉ፣ በውጭ አገር ያለው ወንድም «በየጊዜው ዶላር ልኬያለሁ»፣ በከተማው ያለውም «መድኃኒት ገዝቻለሁ» እያለ በውርሱ ይከራከራል። የእርሷን ስምንት ዓመት የመዘገበ ማንም የለም።

በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለችው ልጅ ከወንድሞቿ ደመወዝ ሊቈረጥላት ይገባል። ስጦታ ወይም «ለሳሙና» የሚባል ሳይሆን፣ ውጭ አስታማሚ ቢቀጠር የሚከፈለውን ያህል፣ በጽሑፍ፣ በየወሩ። የቤተ ሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል፤ ግዴታውም ያላገባች ሴት ልጅ ብቻ ትሸከመው አላለም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ቢባል፣ መጀመሪያ ከወላጆቹ ከራሳቸው ሀብት ነው። ይህ ቃል የሚያስቈጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን አባት ትልቅ ግቢ ይዘው ሳሉ፣ ልጆች «የውርስ ቤት አይነካም» ብለው ለአባታቸው መታከሚያ ከጎረቤት ሲበደሩ ማየት ያሳፍራል። ቤቱ የተሠራው በአባት ላብ ነው፤ መጀመሪያ መጥቀም የሚገባውም እርሳቸውን ነው። የጓሮውን ክፍሎች አከራይቶ ኪራዩን ለአስታማሚ ማዋል ማንንም አይጎዳም። ወላጅ አእምሮው ጸንቶ ሳለ ለሚያምነው ልጅ በሕግ ፊት የተረጋገጠ ውክልና ቢሰጥ መልካም ነው፤ ማስታወስ ከተሳነው በኋላ ፊርማው ዋጋ የለውም፣ የባንኩም ደብተር ተቈልፎ ይቀራል።

ሁለተኛው የልጆች መዋጮ ነው። አራት ወንድማማችና እኅትማማች እያንዳንዳቸው 12,000 ብር ደመወዝ ያገኛሉ እንበል። ከመቶ 5 ቢያወጡ እያንዳንዱ 600 ብር ነው፤ የአራቱ በወር 2,400 ብር፣ በዓመት 28,800 ብር ይሆናል፤ በዐሥር ዓመት ወለዱ ሳይታሰብ 288,000 ብር ነው። ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ጠብ ይቀንሳል። መዋጮውን በተቈረጠ ብር ሳይሆን በመቶኛ ማድረግን የመረጥነው ደመወዝ ባደገ ቍጥር አብሮ እንዲያድግ ብለን ነው፤ ገንዘብ በየዓመቱ ዋጋው እየቀነሰ መሄዱን ሁላችንም እናየዋለንና። «ደመወዛችን ለራሳችንም አልበቃ» የሚል ወጣት ሹም እውነቱን ነው፤ ከመቶ 2 ይጀምር። እኛን የሚያሳስበን መዋጮው ማነሱ አይደለም፤ አራቱ ልጆች እናታቸው ከወደቁ በኋላ በሆስፒታል ደጃፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ገንዘብ መነጋገራቸው ነው።

ሦስተኛው ራሱ ዕድሩ ነው። አንዳንድ ዕድሮች አባላቸውን በሕይወት ሳለ መርዳት ጀምረዋል፤ ይህ በደንብ ሊጻፍ ይገባዋል። 200 አባላት ያሉት ዕድር እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢጨምር በዓመት 48,000 ብር ይሆናል። ይህ ለአስታማሚ ደመወዝ አይበቃም። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ራስጌው ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ እየተገዛ እንደ ድንኳኑ በተራ ለሚያስፈልገው አባል ሊዋስ ይችላል። ማስቀመጫ መጋዘን እንደ ሆነ ዕድሩ ቀድሞውንም አለው።