ስለ ቤት አየር ማቀዝቀዣና ስለ ጉሮሮ መድረቅ

ሙቀት በሚበረታባቸው በድሬዳዋ፥ በሰመራና በጋምቤላ፥ ደግሞም ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በጅቡቲና በዐረብ አገሮች፥ በተለምዶ ኤሲ የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ከቤት ዕቃ ከተቈጠረ ሰንብቷል። ነገር ግን በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ስለዚህ መሣሪያ ሲከራከሩ ዘወትር ይሰማል። ጐልማሳው ሙቀቱን ሸሽቶ ይከፍተዋል፤ አያት ደግሞ «ጉሮሮዬን አደረቀው» ብለው ያስዘጉታል። በሁለቱም ወገን እውነት አለና ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

ይህ መሣሪያ አየሩን የሚያደርቀው ስለ ተበላሸ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ የታሰበበት ሥራ ይኸው ነውና። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ያቀደው ለሰው ምቾት አልነበረም። በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ ቀለሙ ቦታውን ስለ ሳተ፥ ያንን እርጥበት ለመግታት ነበር። ዛሬም አሠራሩ ያው ነው። የቤቱ አየር በቀዘቀዘው ቧንቧ ላይ ሲያልፍ፥ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ከውጭ እንደሚያልበው ሁሉ፥ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ከግድግዳው ውጭ ከቀጭኑ ቱቦ ሲንጠባጠብ የምናየው ውሃ ከመኝታ ቤታችን አየር የወጣ ነው።

የሰው አፍንጫ የሚገባውን አየር እያሞቀና እያረጠበ ወደ ሳንባ ያሳልፋል። አፍንጫው በጉንፋን ወይም በአቧራ የተዘጋበት ሰው ግን በአፉ ሲተነፍስ ያድራልና፥ ደረቁ አየር ሳይረጥብ ጉሮሮውን ያገኘዋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ካደሩት መካከል አንዱ ደኅና ሆኖ ሲነሣ፥ ሌላው ድምፁ ሻክሮ ምራቁን ለመዋጥ ሲቸገር ይነሣል።

እንግዲህ «ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፥ ዋናው ነገር አያያዙን ማወቅ ነው። የማቀዝቀዣው ልክ ወደ 18 ዲግሪ አይውረድ፤ ለመኝታ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይበቃል። ነፋሱ በተኛ ሰው ፊት ላይ እንዳይወርድ ክንፉ ወደ ላይ ይቅና። ማጣሪያው በወር አንድ ጊዜ፥ አቧራ በበዛበት ስፍራ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ታጥቦ ደርቆ ይመለስ። በቤት ውስጥ የሚበጀው የአየር እርጥበት ከመቶ ከ30 እስከ 50 ነው፤ እንደ ጅቡቲ ባለው የባሕር ዳርቻ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለ ሆነ፥ በክፍሉ ላይ እንፋሎት መጨመር ሻጋታ ያመጣል እንጂ አይጠቅምም። ውሃ በቀን ደጋግሞ መጠጣት፥ ማታም ለብ ያለ ውሃ በጥቂት ማር መውሰድ ጉሮሮን ያለሰልሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ከቶ አይሰጥም፤ ብርቱ የመመረዝ በሽታ ሊያመጣበት ይችላልና።

ይሁን እንጂ ጉሮሮን እናድናለን ሲባል የከፋ ጉዳት እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያሻል። ብርቱ ሙቀት በሆነበት ቀን ሽማግሌንና ሕፃንን በተዘጋ ክፍል አስቀምጦ ማቀዝቀዣውን ማጥፋት አደገኛ ነው። የጉሮሮ መድረቅ ያስቸግራል፤ የሙቀት ምት ግን ይገድላል። አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍም ማራገቢያ ብቻውን ሰውነትን አያበርድም፤ ይልቁንም ትኵሱን አየር ያመጣበታል።

ሁለተኛውም አደጋ ከልማድ የሚመጣ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ባመመው ጊዜ «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቈረጥ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች የቈየ ነገር ነው። እንጥል መቍረጥ ግን የደረቀ ጉሮሮን አያድንም፤ ደም ያፈስሳል፥ ቍስሉም ይመረቅዛል፥ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭም የመንጋጋ ቈልፍና ሌላ ተላላፊ በሽታ ያስከትላል። በማቀዝቀዣው ክንፍ አቅጣጫ ሊታረም በሚችል ሕመም ምክንያት ልጅን ለምላጭ መስጠት እጅግ ያሳዝናል።

ልኩ ተስተካክሎ፥ ማጣሪያውም ታጥቦ ሕመሙ ካልተወ ግን፥ ወይም ትኵሳትና የመዋጥ ችግር ቢኖር፥ ወይም የድምፅ መሻከር ከሦስት ሳምንት ቢያልፍ፥ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የማይረካ ጥምና የሽንት መመላለስ ከአፍ መድረቅ ጋር ሲታዩም የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉና፥ በማቀዝቀዣው ላይ አሳብቦ ዝም ማለት አይገባም።

ስለዚህ ማታ የቤቱ ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት የመሣሪያው ልክ ስንት እንደ ሆነ፥ ነፋሱም ወደ ማን እንደሚነፍስ አንድ ጊዜ ይመልከቱ። እንዲህ ከሆነ ጐልማሳው ከሙቀቱ ያርፋል፤ አያትም ጉሮሯቸው ሳይደርቅ በሰላም ያድራሉ።