የሕፃናት የዓይን ምስክርነት፦ ከፖሊስ በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎችና የሚያስከትሉት ጉዳት

በደሃና ወረዳ ተራራማ ቀበሌዎች ፍየልና በግ በማገድ የሚውሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። በመስክ ላይ ጠብ፣ ስርቆት ወይም ጥቃት ቢፈጸም ብቸኛው የዓይን ምስክር የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ሕፃን ሊሆን ይችላል። ነገሩ ከተሰማ በኋላ እናት፣ አጎት፣ የክርስትና አባት፣ የአገር ሽማግሌዎችና የቀበሌ ሚሊሻ በየተራ ሊጠይቁት ይችላሉ። ጉዳዩ አምደ ወርቅ ሲደርስ ሕፃኑ ቃሉን ደጋግሞ ሰጥቷል፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን የመጨረሻው ነው።

የሕፃን ቃል በዕድሜው ማነስ ብቻ የሚናቅ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ማንም ሳይመራቸው በራሳቸው አንደበት የሚናገሩት አጭር ቢሆንም በአመዛኙ ትክክል መሆኑ በጥናት ታይቷል። አደጋው ያለው ከጠያቂው ዘንድ ነው። ሚሼል ላይክትማንና ስቲቨን ሴሲ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ሳም ስቶን የተባለ እንግዳ ወደ ሕፃናት መዋያ ገብቶ ሁለት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ምንም ሳያጠፋ ወጣ። እንግዳው ዝርክርክ መሆኑ አስቀድሞ የተነገራቸው፣ በኋላም መጽሐፍ ስለ መቅደዱና አሻንጉሊት ስለ ማቆሸሹ ለሳምንታት የተጠየቁ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት በመጨረሻ ሲጠየቁ ከ10ሩ 7 ያህሉ አጥፍቷል አሉ። ሕፃናቱ አልዋሹም፤ የተነገራቸው ካዩት ጋር ተቀላቅሎባቸው ነበር።

በአገራችን በቀደመው ዘመን ሌባ ሻይ የተባለው ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ በመቀነት ተይዞ ይለቀቅና የገባበት ቤት ባለቤት በሌብነት ይጠየቅ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ ቀርቷል፤ የተደጋገመ ጥያቄ ግን ሕፃኑን አዋቂዎች አስቀድመው ወደ ጠረጠሩት ደጃፍ ሊያደርሰው ይችላል። በዚህም ንጹሕ ሰው ሊታሰር፣ ወይም ቃሉ እርስ በርሱ በመጋጨቱ ጥፋተኛው በነጻ ሊሰናበት ይችላል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች ለሕፃናት ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጡ ያዛል። በአዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሕፃናት በተለየ ክፍል ሆነው፣ በባለሙያ አማካይነት እየተጠየቁ በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበት አሠራር ተዘርግቷል። ይህ ሕፃኑን ከፍርሃት ይጠብቀዋል፤ በቤትና በሽምግልና የተጨመረበትን ቃል ግን መልሶ ሊያወጣለት አይችልም።

ስለዚህ ሕፃኑ ጥቃት ደርሶበት ከሆነ ሕክምናው ይቅደም። ቤተሰብ «ምን ሆነ?» ከሚል ጥያቄ አልፎ «እገሌ ነው አይደል?» ማለት የለበትም፤ ቃሉን ለማስጠናትም አይሞክር። ሕፃኑ መጀመሪያ የተናገረው እንዳለ፣ ከቀኑና ከጠያቂው ስም ጋር ይጻፍና ለመርማሪው ይሰጥ። አፉን የፈታው በኽምጣና ከሆነም ቃሉ በኽምጣናው ይያዝ፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።